ሻርትር፣ ደርሶ መልስ

ሎስ አንጀለስ፣ ሜይ 10፣ 2025

ዮአቤ፣

እንዴት አደርክ ልበል እንዴት አመሸህ፤ የእኛና የእናንተ ሰዓት ተምታቶብኛል። አባባ በልደታ ዕለት በሰላም መግባቱን ስሰማ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። እኔን እንዳይጨንቀኝ ብሎ በስልክ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነው የሚለው። አንተ ግን በዓይንህ አይተኸው ስለነገርከኝ አረፍኩ።

ትናንት የጠየቅከኝን እዚህ ልመልስልህ። ስደውል ስልኩን ተቀብሎህ ስፒከር ላይ ያደርገዋል። ያንተ ቤት ደግሞ አንድ ክፍል ነው፤ ስለ እሱ እዚያው ፊቱ ላይ ማውራት አልችልም። ስለዚህ ቁም ነገሩን በኢሜይል እንጻጻፍ፤ ስልኩ ለሰላምታ ይሁነን።

መድኃኒቱ ጠዋት ነጩ ነው፣ ማታ ቢጫው። «ውጫለሁ» ቢልህ አትመነው፤ ሲውጥ እየው። ብቻውን ከቤት አይውጣ። ያንተን አድራሻና ስልክ ወረቀት ላይ ጽፈህ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ክተትለት። አንዳንዴ ድንገት ላያውቅህ ይችላል። ያን ጊዜ «እኔ እኮ ዮአብ ነኝ» እያልክ አትከራከረው። አጠገቡ ቁጭ በልና የሚያወራውን አብረኸው አውራ። ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል።

«ለምን በድንገት ላክሽው?» ላልከኝ፣ ነግሬህ የለ? ጋሼ አስፋው ሱቁን ሊያድሱት ነው። ያ ሁሉ የበርበሬና የሽሮ ካርቶን ወደ ኋላ መጋዘን መዞር አለበት፤ ሁለት ሺፍት ነው የምሠራው። ሱቁ ካለበት ከፌርፋክስ ቤታችን ዌስት አዳምስ ድረስ በምሳ ሰዓት እየተመላለስኩ እሱን ማየት አልችልም። አንተም አባትህን ካየኸው ስንት ዘመንህ ነው? ደስ ይበላችሁ፤ ሌላ ምክንያት አትፈልግ።

እህትህ ሰርክ


ፓሪስ፣ ሜይ 14

እታለም፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጋሼ አስፋውን ሰላም በይልኝ፤ እህቴን በካርቶን እንዳይገድሏት ንገሪያቸው።

አትቆጪኝና ያንን ሁሉ ማስጠንቀቂያ ሳነብ ሌላ ሰው የላክሽብኝ መስሎኝ ነበር። አባባ ደህና ነው። ከኤርፖርት እስከ ቤት ድሮ ይሠራበት ስለነበረው የዳውንታውን ፓርኪንግ ሲያወራኝ መጣ። የትኛው ጠበቃ የቱን መኪና ይነዳ እንደነበር፣ ቁልፉን ወርውሮለት የሚሮጠው ማን እንደነበር፣ ማን ለገና ካልሲ ይሰጠው እንደነበር አንዱንም አልረሳም። ጠዋት ስነሳ አልጋውን አንጥፎ፣ ጃኬቱን ለብሶ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። እኔ እንጃ፣ አንቺ ለእሱ ከመሳሳትሽ የተነሳ ከሆነው በላይ አሞታል ብለሽ ይመስለኛል።

«በስምህ ይጠራሃል ወይ?» ብለሽ በአጭር መልእክት ለጠየቅሽኝ፣ «አንተ ልጅ» ነው የሚለኝ። ድሮስ መቼ በስሜ ጠርቶኝ ያውቃል?

ቅዳሜ ዕረፍት ነኝ፤ ሻርትር ልወስደው ነው። ከዚህ በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ የምትል ትንሽ ከተማ ናት። በጎቲክ አሠራር የታወቀ ትልቅ የእመቤታችን ካቴድራል አለባት። እኔም ሄጄ አላውቅም፤ ፎቶው የምሠራበት ሆቴል ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል። በስልኬ አንስቼ ለአባባ ሳሳየው «ይኼ ሁሉ የእሷ ቤት ነው?» አለኝ። አዎ ስለው ስልኬን ተቀብሎ ሳመው። ደርሶ መልስ ነው፤ ጠዋት ሄደን ማታ እንገባለን።

ትናንት ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ብንደውል ስልክሽ ዝግ ነበር። አባባ መስኮቱ ጋ ቆሞ ዋለ። ምሳ ሳቀርብለት «ቆይ፣ ትደውል ይሆናል» አለኝ። የት ነበርሽ?

ዮአብ


ሎስ አንጀለስ፣ ሜይ 15

ዮአቤ፣

ፊደሉ ቢዘበራረቅብህ ይቅርታ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ካርቶን ሳነሳ ቀኝ ክንዴን ወለም ብሎኝ ነው፣ ምንም አይደለም። ማክሰኞም ስልኬ ቻርጅ አልቆበት ነው፤ መጋዘኑ ውስጥ ደግሞ ኔትወርክ የለም። አባባን ደህና ናት በለው። መስኮት ጋ አይቁም።

ስለ ሻርትር፣ ባትሄዱ ደስ ይለኛል። ለምን እንደሆነ ልንገርህና አንተ ፍረድ። ፋሲካ ሰሞን ዕቃ ልገዛ ስገባ መኪና ውስጥ ጠብቀኝ ብዬው ነበር። ወርዶ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ዳውንታውን ሄደ። ስንት ቦታ ፈልጌው የድሮ ጋራዡ በር ላይ አገኘሁት። ሌላ ሰው በሚሠራበት ቦታ ቆሞ መኪኖቹን በእጁ እየመራ ያስገባል። ሹፌሮቹም ይታዘዙታል። እኔም እየሳቅኩ «ሺፍትህ አልቋል፣ እንሂድ» አልኩት፤ «ኦኬ» ብሎኝ መጣ። ከዚያ ወዲህ ብቻውን መኪና ውስጥ ትቼው አላውቅም። አንተ ያየኸው ደህናውን አባባን ነው። እሱም እውነተኛ ነው፤ እኔም በቀን ለጥቂት ሰዓት አገኘዋለሁ።

ግን ፎቶውን ከሳመው እኔ እንዴት ልከልክለው? ሂዱ። ክንዱን እንደ ወዳጅ ቆልፈህ ያዘው፤ እንደዚያ ሲሆን አይቆጣም። ፎቶ ላክልኝ።

ሰርክ


ፓሪስ፣ ሜይ 18

እታለም፣

ሄደን ተመለስን፤ ደህና ነን።

ባቡሩ ከተማዋን ሳያሳይሽ በፊት ካቴድራሉን ያሳይሻል፤ የስንዴ ማሳ መሃል ብቻውን የቆመ ነው የሚመስለው። አባባ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ነበር። ሁለቱ ማማዎች አይመጣጠኑም፤ አንዱ አጠር ያለና ለስላሳ ነው፣ አንዱ ረዝሞ በጌጥ የተሞላ። «ለሁለት ኮንትራክተር ሰጥተውት ነው» አለ። ውስጡ መጀመሪያ ጨለማ ነው፤ ዓይንሽ እየለመደ ሲሄድ መስታወቶቹ ይበራሉ። እንደዚያ ያለ ሰማያዊ አይቼ አላውቅም፤ ወለሉ ላይ፣ ሰው ትከሻ ላይ ሁሉ ያርፋል። አባባ ጣሪያውን ሲያይ አንገቱን አመመው። አንዱን ምሰሶ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ይኼ እኮ ስድስት ፎቅ መኪና ይሸከማል» አለኝ።

ከዚያ ትንሽ ዞር ዞር ብለን፣ አረፍ ብለን፣ ተመለስን።

ፎቶ ብዙ አላነሳሁም፤ ስልኬ ዘጋብኝ። ዛሬ ደክሞት ተኝቷል። ጫማ ልገዛለት ነበር፤ ቁጥሩ ስንት ነው?

ክንድሽስ? ሐኪም አየው? ሰርክ፣ ደህና ነሽ ወይ?

ዮአብ


ሎስ አንጀለስ፣ ሜይ 20

ዮአብ፣

ዛሬ ሰላምታው ይቅርብን። ስልክ ላይ አባባ ምን እንዳለኝ ሰምተሃል፤ «ሴትዮዋ ቢጫ ጫማ ሰጠችኝ» አለኝ። የምን ሴትዮ ስለው አንተ ስልኩን ወስደህ ስለ አየሩ ታወራኝ ጀመር። ቡኒ ጫማውን እኔ ነኝ የገዛሁለት፤ አዲስ ነው። ምን ሆኖ ነው ሌላ የምትገዛለት?

«ትንሽ ዞር ዞር ብለን፣ አረፍ ብለን፣ ተመለስን» ትለኛለህ። ስለ ምሰሶና ስለ መስታወት ያን ሁሉ የጻፈ ሰው ከሰዓት በኋላውን በሦስት ቃል ይዘጋዋል? አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ስትዋሽ ወሬህ ያጥራል።

እኔን ደግሞ አትጠይቀኝ። ደህና ነኝ አልኩህ። «ደህና ነሽ ወይ» ብለህ ጽፈህ ደግሞ በስልክ ሁለቴ ትደግመዋለህ፤ ምን አይተህ ነው? እዚህ ሆኜ በግራ እጄ ስንት ነገር እያቃናሁ በአንተ ዝምታ ደግሞ ልታመም?

የሆነውን ሁሉ ጻፍልኝ። ቆንጆ አታድርገው።

ሰርክ


ፓሪስ፣ ሜይ 21

እታለም፣

ይቅር በይኝ። ከየት ልጀምር እያልኩ ኪችን ውስጥ ሰሃን ሰበርኩ። ከበሩ ልጀምር።

ካቴድራሉ በር ላይ ስንደርስ አባባ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። «አባባ፣ እዚህ አገር አይወለቅም» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «የእሷ ቤት ነው አላልከኝም?» አለ። ከኋላችን ቱሪስቱ ይጋፋል፤ አንዷ ሴት ፎቶ ታነሳናለች። አፈርኩ። ቆንጆ አታድርገው ስላልሽኝ ነው፤ በአባቴ አፈርኩ። «በቃ አውልቅና ቶሎ ግባ» አልኩት። ጫማውን አጣምሮ በሩ ጥግ አስቀመጠና በካልሲው ገባ።

ውስጥ የነገርኩሽ ሁሉ እውነት ነው። ክንዱንም እንዳልሽኝ ቆልፌ ይዤው ነበር። ከዚያ ጫማው ትዝ አለኝ፤ አንዱ ይወስደዋል ብዬ ሰጋሁ። ወንበር ላይ አስቀምጬው «ጫማህን ይዤልህ ልምጣ፣ እንዳትነሳ» አልኩት። «እሺ» አለኝ። ይዤ ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው።

እኔ የማውቀው የገባንበትን በር ብቻ ነበር፤ ለካ በግራም በቀኝም ሌላ በር አለው። ሰው እየገፋሁ ዞርኩት። ወጣሁ፤ አደባባዩን፣ ካፌዎቹን፣ ባቡር ጣቢያውን አዳረስኩ። «አባባ!» እያልኩ ስጮህ ሰው ሁሉ ዘወር ይላል፣ እሱ ግን የለም። ፖሊሶች አገኘሁ። መልኩን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ምን ለብሷል አሉኝ፤ ግራጫ ጃኬት አልኩ። ምን ተጫምቷል ሲሉኝ እጄ ላይ ያለውን ጫማ ዘረጋሁላቸው። አድራሻ ኪሱ ውስጥ አለ ወይ ሲሉኝ የለም አልኳቸው። አልከተትኩለትም ነበር። አጋንነሽ የጻፍሽው መስሎኝ ነበራ።

ከካቴድራሉ ጀርባ ከተማዋ በደረጃ እየወረደች ወንዝ ላይ ታበቃለች። ውኃው ይዞት ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ እየሮጥኩ ወረድኩ። አንድ ድልድይ አጠገብ፣ የሰው ቤት ደጃፍ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እግሩ ላይ ቢጫ የጓሮ ፕላስቲክ ጫማ አድርጎ፣ በብርጭቆ ውኃ ይዟል። አንዲት አሮጊት በሩ ላይ ቆማለች። ልናገር ስል እጄ ላይ ያለውን ጫማ አየችና ገባት፤ ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችልን።

«አባባ!» አልኩት።

ቀና አለ። ፊቱ አልተለወጠም። «ሐበሻ ነህ?» አለኝ።

ያን ጊዜ የጻፍሽልኝ ትዝ አለኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። «አዎ፣ ሐበሻ ነኝ» አልኩት።

«ጎሽ። የማን ልጅ ነህ?»

«የአቶ አድማሱ።»

«ሞክሼዬ ናቸው» ብሎ ፈገግ አለ። «ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። እርስዎስ?» አልኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴን አንቱ አልኩት።

«እኔ ደህና ነኝ። ልጄ ዘንድ ነው የመጣሁት። ደግ ልጅ ነው፤ ይቸኩላል እንጂ። አንድ ሴት ልጅ ደግሞ አለችኝ፣ አሜሪካ።» ውኃውን አየው፣ ወንዙን ማለቴ ነው። ከዚያ «ታማለች» አለኝ።

«ማን?»

«ሰርክ ናታ። እናቷን የያዛት ነው የያዛት። አልነገረችኝም። ባኞ ቤት ገብታ ውኃ ከፍታ በእንግሊዝኛ ስታወራ ሰማኋት። ሐኪሙ ያኔ ስለ እናቷ የነገረንን ያንን ቃል ስትል ሰማሁ። ሌላው ቢጠፋብኝ እሱ ቃል አይጠፋብኝም።»

«ለምን አልጠየቋትም?»

«እኔ እንዳልሰማ ብዙ ደክማለች። ልጅህ ጋ ሂድ ስትለኝ እሺ አልኳት። እኔ ቤት ውስጥ እያለሁ ጋደም አትልም። ስወጣላት ትታከማለች ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ለልጅዎ፣ ለወንዱስ ነግረውታል?»

«እሷ ሳትነግረው እኔ እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ? አንተም ብታገኘው እንዳትነግረው፤ ይደነግጣል።»

እሺ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ተንበርክኬ ቢጫውን አውልቄ የራሱን ጫማ ላደርግለት ስል እምቢ አለ፤ ቢጫው ተመችቶታል። ሴትዮዋም በእጇ «ይሁን፣ ይውሰደው» አለችኝ። ባቡሩ ውስጥ ገብተን ከተማዋን እንደተውናት ዞር አለና «ዮአብ፣ ቲኬቱን ይዘኸዋል?» አለኝ። ከመጣ በስሜ የጠራኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቡኒው ጫማ እዚያው ባቡር ውስጥ ቀረ፤ ጭንቅላቴ የት እንደነበር አላውቅም።

አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው የደበቅኩሽ አልልሽም። «አንቺ አካብደሽው ነው» ካልኩሽ በኋላ ምን ፊት አለኝ?

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ያን ማክሰኞ፣ ስልክሽ ዝግ የነበረ ዕለት፣ የት ነበርሽ?

ዮአብ


ሎስ አንጀለስ፣ ሜይ 26

ዮአቤ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ስንቴ ጀምሬ አጠፋሁት።

ያን ማክሰኞ ኦፕራሲዮን ሆኜ ነው። ሱቁ አልታደሰም። ጋሼ አስፋው ሱቃቸውን ዘግተው በራሳቸው መኪና ወሰዱኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሆስፒታሉ ሎቢ ውስጥ ቁጭ ብለው ዋሉ። ለሰው እንዳይናገሩ በልጆቻቸው ስም አስማልኳቸው። ደግሞ ለአንተ የሱቅ ዕድሳት ብዬ እንደጻፍኩ ስነግራቸው «ምነው፣ ሱቄ አርጅቷል ማለትሽ ነው?» ብለው አሳቁኝ፤ ስስቅ ስፌቱ አመመኝ።

ውጤቱ ሐሙስ ወጣ። ዕጢውን ከጡቴ አውጥተውታል፤ ግን ክንዴ ሥር ወዳሉት ንፍፊቶች አልፏል። ኬሞ አለ፣ ከዚያ ጨረር አለ። ሐኪሟ በደህና ፊት ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ስትናገር አፏን ሳይሆን እማዬን ነበር የማየው። አንተ ያን ጊዜ ልጅ ነበርክ፤ ጎረቤት እያሳደሩህ ብዙውን አላየኸውም። እኔና አባባ አይተነዋል።

«ለምን አልነገርሽውም?» ብለህ እንደምትቆጣ አውቃለሁ። አንድ ነገር ልንገርህ። አባባ «እናትሽ የት ሄደች?» ይለኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ እውነቱን እነግረው ነበር። በነገርኩት ቁጥር አሁን እንደሞተች ሆኖ ያለቅሳል፤ ነጠላ አምጪ ይላል፤ ለእነ እገሌ ንገሪ ይላል። በነጋታው ረስቶት እንደገና ይጠይቀኛል። ስንት ጊዜ ልቅበራት? አሁን «ቤተ ክርስቲያን ናት» እለዋለሁ። «ቆየች» ይልና ሻዩን ይጠጣል። ታዲያ የእኔን እንዴት አድርጌ ልንገረው? ጠዋት ጠዋት አዲስ መርዶ ልሁንበት?

ለካ ያውቅ ነበር። አውቆ ሻንጣውን ሳዘጋጅለት ዝም ብሎ ያየኝ ነበር። ኤርፖርት ሸኝቼው ስመለስ፣ ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ፣ ቀለለኝ። መስኮቱን ከፍቼ ሬድዮ አስጩኼ ነዳሁ። እሱ እኔን ብሎ ያንን ሁሉ ሰማይ ሲያቋርጥ እኔ ቀለለኝ። ይኼን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

መመለሻ ቲኬቱ ለጁን ነው። አቆየው ብዬ ልለምንህ አልችልም፤ ሥራ አለህ፣ አንድ ክፍል ቤት ነው። ላክልኝም ማለት አልችልም፤ ድስት እንኳን ማንሳት ክልክል ነው። ምን እንደምልህ አላውቅም። ስለ ሻርትር አልተቆጣሁህም። እኔም እኮ ጠፍቶብኝ ያውቃል።

ሰርክ


ፓሪስ፣ ሜይ 29

እታለም፣

ላክልኝ አላልሽም፣ አቆየውም አላልሽም። እኔ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ሆቴሉ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሰጥቶኛል፤ በፈረንሳይ ፓስፖርቴ እስከ ሦስት ወር መቆየት እችላለሁ። ኪችን ውስጥ ነው የምሠራው፣ ድስት ማንሳት አያቅተኝም። ከዚያ በኋላ ስላለው ምን እንደምናደርግ አላውቅም፤ እዚያው ሆነን እናስባለን። ሳሎን ሶፋው ላይ እተኛለሁ። ጋሼ አስፋውንም ከመሐላው ፍቺያቸው፤ እንዲቀበሉን እደውልላቸዋለሁ።

አትቆጪ፣ ነገርኩት። ዛሬ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ስሜን ጠርቶ ፎጣ ጠየቀኝ። ደህናው አባባ መሆኑን ሳይ አጠገቡ ቆሜ «ሰርክ ኦፕራሲዮን ሆናለች» አልኩት። ፊቱን ሳይጠርግ ቆመ። «ማን ነገረህ?» አለኝ። ራሷ ጻፈችልኝ አልኩት። «ራሷ ከጻፈችማ ደህና» አለና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አለቀሰ፤ ብዙ አለቀሰ። የእማዬንም፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ያልሽውንም ሳልደብቅ ነገርኩት። ፎጣውን አቀበልኩት፤ ከዚያ «እስክሪብቶ አምጣ፣ የምልህን ጻፍላት፣ ሳይጠፋኝ» አለኝ። እንዳለ ይኸው፤

«ልጄ ሰርክ፣

እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ልጁም ይንከባከበኛል።

እናትሽ የት እንዳለች ዛሬ አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ናት ስትዪኝ ለእኔ ብለሽ ነው፣ ተረድቼሻለሁ። አሁን ግን ተይው። እሷ ስትታመም ከአልጋዋ አጠገብ ወንበር ነበረኝ፤ ካንቺም አልጋ አጠገብ ወንበር ስጪኝ። ሌላ ምንም ባልችል ውኃ አቀብልሻለሁ።

ስትነግሪኝ አለቅስ ይሆናል። ላልቅስ። ልጄ ታማ እየሳቅኩ ሻይ ብጠጣ ምን አባት ነኝ? እኔን ለማሳረፍ ብለሽ ብቻሽን አትሁኚ።

ነገ ብረሳው፣ ነገም ንገሪኝ።

አባትሽ አድማሱ»